ዊንዶውሱን ሳንነካ ሊኑክስን ጎኑ ማስገባት

በሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። «ጽፈህ ልቀቀው» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ፣ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በሩ ላይ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ ግቡ፣ አትፈሩ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ላፕቶፕ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ። አሁን፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ከፍላችሁበት የምታውቁ ብቻ እጃችሁን ሳታወርዱ ቆዩ። (ሳቅ) አይዟችሁ፣ ፖሊስ አልጠራሁም! እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። «ፎርማት አድርግልኝ» ስባል ነው የምውለው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ውስጥ ምን እንደሚገኝ እኔን ጠይቁኝ።

ዛሬ የመጣሁት ዊንዶውስን ጣሉ ልላችሁ አይደለም። ልድገመው፤ ጣሉ አላልኩም። ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ እንደ ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ እዚያው ላፕቶፓችሁ ላይ፣ ዊንዶውሱ እንዳለ፣ ጎኑ አስገቡት ነው የምለው። ላፕቶፑን ስትከፍቱ ሁለት ስም ይመጣል። የምትፈልጉትን ትመርጣላችሁ። በቃ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። ለምን፣ እንዴት፣ ከዚያ በኋላስ ምን ይመጣል። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሰው ፋይሉን የሚያጣው እዚያ ላይ ነውና።

መጀመሪያ፣ ለምን?

ሊኑክስ እንግዳ ነገር ይመስላችኋል። ግን አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ሊኑክስ አለ። አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በሊኑክስ ዋና እምብርት፣ ላይ ነው። በዓለም ላይ በፍጥነታቸው ከ1 እስከ 500 የሚመደቡት ሱፐር ኮምፒውተሮች ደግሞ በፈረንጆቹ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ሁሉም በሊኑክስ ነው የሚሠሩት። ይህን ነገር የጀመረው የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ ይባላል፤ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። «ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራሁ ነው፤ ለትርፍ ጊዜ ነው» ብሎ ለሰው ያሳወቀው በፈረንጆቹ ኦገስት 25 ቀን 1991 ነው። አስቡት፣ እኛ አገር ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም! እኛ በሌላ ጭንቀት ላይ ነበርን።

እኔ ሊኑክስን የተዋወቅኩት በፖስታ ነው። አዎ፣ በፖስታ! ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በፈረንጆቹ በ2004 ወጣ። ያስጀመረው ማርክ ሻትልወርዝ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ከዚያ በፊት በ2002 ከኪሱ ከፍሎ ጠፈር ደርሶ የተመለሰ ሰው። የእሱ ድርጅት ለጠየቀው ሁሉ ሲዲ በነፃ ይልክ ነበር። የኛ ኢንተርኔት ያኔ በስልክ መስመር የሚንተፋተፍ ነው። አንድ ሲዲ የሚሞላ ፋይል ማውረድ የማይታሰብ ነበር። በአጎቴ መሥሪያ ቤት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጠየቅሁ። አጎቴ ፖስታውን ይዞ ሲመጣ፣ «ማን ነው አንተን በነፃ ሲዲ የሚልክልህ? ሃይማኖት ነው ወይ?» አለኝ። (ሳቅ) እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ለምን አሁን? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ለአንድ ተጨማሪ ዓመት የደህንነት ማስተካከያ የሚገኝበት ምዝገባ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ለእንደኛ ዓይነቱ ተጠቃሚ የለም። «ታዲያ ወደ 11 እናሳድገዋ!» ትላላችሁ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት 4ኛና 5ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ አለ? ብዙ ነው። ማሽኑ አልሞተም፤ ይሠራል። ድጋፉ ነው የሞተው። ሊኑክስ እዚህ ላይ ነው የሚገባው።

ሌላው የፍላሽ ጉዳይ ነው። ሾርትከት ቫይረስ የማያውቅ አለ? ፍላሹን ስትከፍቱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ ስትነኳቸው ደግሞ ቫይረሱ ወደ ማሽኑ ይገባል። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን በፍላሽ ይዛ እያለቀሰች ሱቄ መጣች። «ሁሉም ጠፋ» አለችኝ። ፍላሹን ሊኑክስ ያለበት ማሽን ላይ ሰካሁት። ፎልደሮቿ ከነምዕራፋቸው ቁጭ ብለዋል! ተአምር አልሠራሁም። ቫይረሱ ፋይሉን አያጠፋውም፤ ይደብቀውና ሾርትከት በቦታው ያስቀምጣል። መደበቂያው የዊንዶውስ ምልክት ስለሆነ ሊኑክስ ከቁብ አይቆጥረውም። ቫይረሱም የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ አይነሳም። ይህ ማለት ሊኑክስ ላይ ምንም አይነካችሁም ማለት አይደለም። የይለፍ ቃሉን ለማንም የሚሰጥ ሰው የትም ቢሆን ይዘረፋል።

እንግዲያው ለምን ዊንዶውስን ጠቅልለን አንጥለውም? ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ስላለ! ኦቶካድ ስላለ። ፎቶሾፕ ስላለ። ፓወር ግእዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ የዓመታት ደብዳቤ ስላለ። ቪዲዮ አይቶ በአንድ ሌሊት ዊንዶውሱን ደምስሶ ሊኑክስ ብቻ የጫነ የሒሳብ ሠራተኛ አውቃለሁ። ወር መጨረሻ ላይ፣ ደመወዝ ሊሠራ ሲል፣ ላፕቶፑን በሁለት እጁ አቅፎ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ነው ያገኘሁት። «ወንድሜ፣ ዊንዶውሴን መልስልኝ፤ ከዚህ በኋላ ሊኑክስ የሚል ሰው እንዳላይ» አለኝ። ልጁ ሊኑክስን ጠልቶ አይደለም። በአንድ ጊዜ ስለዘለለ ነው። ሊኑክስ ሞክረው የተዉ ሰዎችን ብትጠይቁ፣ እንደሱ ያሉ ታገኛላችሁ። ዋይን የሚባል፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ መሣሪያ አለ። ለትንንሽ ነገር ጥሩ ነው። የድርጅት ሒሳብ ግን በእሱ ላይ አትጣሉ፤ የሰው ገንዘብ ነው። ለፒችትሪው ዊንዶውሱ ይቀመጥ። ኢንተርኔቱን፣ ጽሑፉን፣ ፊልሙን፣ የሰው ፍላሽ መቀበሉን ለሊኑክሱ ስጡት።

ሁለተኛው፣ እንዴት? ደብተር ያላችሁ አውጡ።

መጫኑ ራሱ ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ሥራው ያለው ከመጫኑ በፊት ነው። ከመጫኑ በፊት! ይህን ካልያዛችሁ ሌላውን ባትይዙት ይሻላል።

ባክአፕ አድርጉ። ፎቶውን፣ ጽሑፉን፣ የፒችትሪውን ዳታ፣ ሁሉን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ወደ ዲ ድራይቭ አላልኩም! ዲ ድራይቭ ያው እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት እግዚአብሔር ይወቀው።

ቀጥሎ ቢትሎከር፣ የዊንዶውሱ የዲስክ መቆለፊያ። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ ዲስኩን ሳትጠይቁት በቁልፍ ሊዘጋው ይችላል። በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ራሱ ያደርገዋል። በደህናው ቀን ምንም አይታያችሁም። የማስነሻውን ነገር ስትነካኩ ግን ድንገት «48 አሃዝ ቁጥር አስገባ» ይላችኋል። ቁጥሩ የሚገኘው አካውንቱ ውስጥ ነው። የማን አካውንት? እህ! አንዲት እህታችን ከአሜሪካ የተላከላት ላፕቶፕ ነበራት። ልኮላት የነበረው የአክስቷ ልጅ ነው፤ ቨርጂኒያ ይኖራል። ላፕቶፑን ገዝቶ፣ «ዝግጁ ላድርግላት» ብሎ፣ በራሱ አካውንት ከፍቶት ነው የላከው። ቁልፉ እሱ ጋ ነው ማለት ነው! እዚህ ሲነጋ እዚያ ይመሻል። ደወልን። እሱ የፈረቃ ሥራ ላይ ነው። እረፍት እስኪወጣ ጠበቅን። ከዚያ ቁጥሩን በስልክ አንድ በአንድ እያነበበ፣ እኛ እየጻፍን፣ መስመር እየተቆረጠ፣ እንደገና «ከየት ነበር የደረስነው?» እየተባባልን ጨረስን። ልጁ ሰው አክባሪ ባይሆን ያ ላፕቶፕ ባዶውን ይቀር ነበር። ስለዚህ ከውጭ አገር ላፕቶፕ የተላከላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ደውላችሁ ጠይቁ። ሊኑክስ ባትጭኑም ጠይቁ! ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት። ላፕቶፑ ውስጥ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም።

ፋስት ስታርታፕን አጥፉ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የፓወር ምርጫዎች ላይ ታገኙታላችሁ። ዊንዶውስ «ዘግቻለሁ» ሲላችሁ እውነቱን አይደለም። ግማሹን አስተኝቶት ነው የሄደው፤ ቶሎ ለመነሳት። በዚህ መሃል ሊኑክስ ገብቶ የዊንዶውሱን ድራይቭ ልጻፍበት ቢል ፋይል ይበላሻል። ብዙውን ጊዜ ሊኑክስ ራሱ ስለሚያውቅ «ማንበብ ብቻ ነው የምትችለው» ብሎ ይከለክላችኋል። ሰዎች «ሊኑክስ ድራይቬን ቆለፈብኝ» እያሉ የሚመጡት በዚህ ነው።

አሁን ቦታ እንሥራ። ዲስኩን እንደ አንድ ግቢ እዩት። ሁለተኛ ቤት ለመሥራት መጀመሪያ ባዶ መሬት መለየት አለበት። ይህን የሚለየው ራሱ ዊንዶውስ ቢሆን ይመረጣል። ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ፣ ሲ ድራይቭ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጉ፣ ሽሪንክ የሚለውን ምረጡ። ለሊኑክስ ሚንት፣ ቀጥሎ ለምመክራችሁ የሊኑክስ ዓይነት፣ ቢያንስ 20 ጊጋባይት ያስፈልጋል፤ ሠሪዎቹ የሚመክሩት 100 ነው። እኔ 500 ጊጋባይት ዲስክ ላለው 100 እሰጠዋለሁ። የተለየውን ቦታ ባዶውን ተዉት፤ ፎርማት አታድርጉት፣ ስም አትስጡት። «200 ጊጋ ነፃ አለኝ፣ ግን ጥቂት ብቻ ነው የምትቀንሰው አለኝ» የሚል ሰው ይገጥመኛል። ዊንዶውስ ከቦታቸው የማይነቃነቁ ፋይሎች አሉት። ሃይበርኔትን፣ ማሽኑን ሥራው እንዳለ የሚያስተኛውን፣ ማጥፋትና ማሽኑን አስነስቶ እንደገና መሞከር ብዙ ጊዜ ይረዳል።

እባካችሁ፣ እባካችሁ! ይህን ስታደርጉ የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው። ዲስክ እየተከፋፈለ መብራት ቢሄድ ምን እንደሚሆን ማስረዳት ያስፈልገኛል? በዚህ ሰፈር? (ሳቅ) ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ያለው ሰው ጄኔሬተር ያለው ጓደኛ ይፈልግ።

ከዚያ ሊኑክሱን እናወርዳለን። ለጀማሪ ሚንት እመክራለሁ። መልኩ ለዊንዶውስ ሰው አይከብድም። 4 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ዓይነት ውሰዱ፤ ቀለል ይላል። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ አውርዱት፣ ወይ ከእኔ በፍላሽ ገልብጡ። መገልበጡ ሕጋዊ ነው! ክራክ አይደለም፣ ስርቆት አይደለም፤ ፈቃዱ ራሱ «ገልብጡ፣ ስጡ» ይላል። ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ትጽፉታላችሁ። ፍላሹ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ይጠፋል፤ መዝሙር የሞላበትን የእናታችሁን ፍላሽ እንዳትወስዱ።

ማሽኑን ስታስነሱ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ ተጫኑ፤ እንደ ላፕቶፑ ይለያያል። ከፍላሹ እንዲነሳ ምረጡ። ሚንት ሳይጫን ይከፈታል። ዲስኩን አልነካውም፤ ከፍላሹ ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ዋይፋዩ ይያዛል? ድምፁ ይሰማል? ካሜራው? የቢሯችሁ ፕሪንተር ያትማል? ኤችፒ ፕሪንተሮች አብዛኞቹ ያለ ችግር ይገባሉ፤ አንዳንድ ርካሽ ሌዘሮች ያስቸግራሉ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ ከእሱ ኢንተርኔት ስጡት፤ ጎዶሎውን ድራይቨር ያወርዳል። ዲስኩ ጭራሽ ካልታየው ደግሞ ባዮስ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር ገጽ፣ የዲስኩ አሠራር ሬይድ በሚባለው ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያን ብቻችሁን አትቀይሩት፤ ያለ ዝግጅት ከተቀየረ ዊንዶውሱ አልነሳም ይላል። ወደ ባለሙያ ይዛችሁ ኑ።

ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ፣ መጫኛውን ክፈቱ። አንድ ቦታ ላይ ይጠይቃችኋል። አንደኛው «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» ነው። ሌላው «ዲስኩን ደምስሰህ ጫን» ነው። የሁለተኛው ትርጉም እንደተጻፈው ነው! ዊንዶውስም፣ ፎቶም፣ ዲ ድራይቭም ይሄዳል። እንግሊዝኛው ያልገባችሁ ከሆነ እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሡና የሚያነብላችሁ ሰው ጥሩ። ጎኑ ጫን የሚለው አማራጭ ካልመጣ ደግሞ መጫኛው ዊንዶውሱን አላየውም ማለት ነው፤ አቁሙ፣ አትቀጥሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፍላሹ በአሮጌው አነሳስ፣ ሌጋሲ በሚሉት፣ ተነስቶ ዊንዶውሱ ግን በአዲሱ በዩኢኤፍአይ መጫኑ ነው። ፍላሹን በዩኢኤፍአይ አስነሡትና ድጋሚ ሞክሩ።

ሦስተኛው፣ ከዚያ በኋላስ?

ማሽኑን ስታስነሱ ግረብ የሚባል ጥቁር ገጽ ይመጣል፤ ሚንትና ዊንዶውስ ተዘርዝረው። ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ካልመረጣችሁ ወደ ሚንት ይገባል።

አንድ ቀን ዊንዶውሱ አፕዴት አድርጎ ግረቡ ላይመጣ ይችላል። አትደንግጡ። ሊኑክሱ አልጠፋም፤ ተራው ነው የተቀየረው። ባዮስ ገብታችሁ ሊኑክሱን ፊት አድርጉት። ከበድ ያለም ገጥሞ ያውቃል። በኦገስት 2024 የወጣ የማይክሮሶፍት የደህንነት አፕዴት ሁለቱን ጎን ለጎን የጫኑ ብዙ ሰዎች ሊኑክሳቸው አልነሳም እንዲል አድርጎ ነበር። ሴኪውር ቡት የተባለው ጥበቃ የቆዩ ማስነሻዎችን ስለከለከለ ነው። ትምህርቱ፣ የጫናችሁበትን ፍላሽ አትደምስሱት። መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

ሰዓት! ይህ ያስቃል። ሊኑክስ ስትሠሩ ቆይታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ያስቀምጠዋል። ዊንዶውስ ደግሞ የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ከዚያ በ3 እንቀድማለን። ከፈረንጅ ሰዓት ጋር በ6 መለያየቱን ለምደነዋል፤ አሁን ደግሞ 3 ተጨመረ! በሊኑክስ በኩል በአንድ መስመር ትእዛዝ ይስተካከላል። ስትወጡ ወረቀት ላይ አትሜ ይዣለሁ፤ ውሰዱ።

ፋይል መለዋወጡስ? ሊኑክስ የዊንዶውሱን ድራይቭ ያነባል፣ ይጽፍበታል። ዊንዶውስ ግን የሊኑክሱን አያነብም። ስለዚህ የጋራ ዶክመንታችሁን በዊንዶውሱ በኩል፣ ዲ ድራይቭ ላይ አኑሩት።

አማርኛ መጻፍ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ኪማን የሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ለሊኑክስ አለ፤ አይባስ በሚባለው በኩልም የአማርኛ ኪቦርድ ይጨመራል። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የኮምፒውተር መለያ፣ የገባው በፈረንጆቹ በ1999 ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ነገር ሁሉ፣ ስልካችሁ ላይ የምትጽፉትን ጨምሮ፣ የትም ይነበባል። የድሮዎቹ የፓወር ግእዝ ጽሑፎች ግን ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ነው የሚታዩት። እነሱን በዊንዶውስ ክፈቷቸው። ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው የሊኑክሱ የጽሑፍ ፕሮግራም የወርድ ፋይል ይከፍታል። ሰንጠረዥ የበዛበት ደብዳቤ ላይ ግን መስመር ሊያንሸራትት ይችላል፤ ለማኅተም የተተወው ቦታ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ሲሄድ አይቻለሁ። ለአለቃ የሚሄደውን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ስጡ።

አንድ እውነት ልንገራችሁ። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ሊኑክስ ቢጫንበትም አይበርም። ይሻሻላል እንጂ አይበርም። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አስገቡበት። ይህን ስል ሻጭ ነህ አትበሉኝ፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ካልወደዳችሁትስ? መመለስ ትችላላችሁ። ግን የሊኑክሱን ክፍል ከዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ዝም ብላችሁ አትደምስሱት። ግረብ የሚያነበው ፋይል እዚያ ክፍል ውስጥ ስላለ፣ በማግስቱ ጥቁር ስክሪን ላይ ትቀራላችሁ። አስቀድማችሁ ባዮስ ውስጥ የዊንዶውሱን ማስነሻ አንደኛ አድርጉት። ዊንዶውሱ በራሱ መነሳቱን እዩ፣ ከዚያ ደምስሱ።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ አስተባባሪዋ ዓይኗን እያፈጠጠችብኝ ነው። (ሳቅ) ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ። ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ በግራ በኩል ባለው ረጅም ጠረጴዛ ተሰለፉ። ባክአፕ ያደረጋችሁና የቢትሎከር ቁልፋችሁን የጻፋችሁ ዛሬ እንጭንላችኋለን። ያልጻፋችሁ ደግሞ ከፍላሽ አስነስተን ታዩታላችሁ፤ አይጫንም። ብትለምኑኝም አይጫንም። ቻርጀራችሁን ያዙ፤ ማከፋፈያው ሁለት ብቻ ነው፣ ተራ በተራ።